በሩ መርከብ ላይ ነው

ሰውዬው ክፍተት አይወድም። አይወድም ስል እናንተና እኔ ጉንፋን እንደማንወደው ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ክፍተት ሲያይ ሆዱን ይቆርጠዋል። ሥራው መጋዘን ውስጥ ኮንቴይነር መጫን ነው። ባሕር ማዶ ለሚሠሩ ሕንፃዎች የሚላከውን ሴራሚክ፣ የመታጠቢያ ገንዳ፣ መስኮትና ቧንቧ፣ መርከቡ ቢናጥም ንቅንቅ እንዳይል አድርጎ ይደረድራል። በሁለት ካርቶኖች መሃል ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ካገኘ ነፍሱ አታርፍም፤ እንጨት ጠርቦ ይሸጉጥባታል። በዚህ የተነሳ መጋዘኑ በሙሉ እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ «ሽብልቁ» ይለዋል። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ስሙን ሲጠይቁት እሱ ራሱ «ሽብልቁ» ብሎ መልሶ፣ ሚስቱ በሳቅ ወንበር ይዛ ተንበርክካለች አሉ።

ይህ ሰው አንድ ልማድ አለው። ጭነቱ አልቆ የኮንቴይነሩ በር ሲዘጋ ሁሉንም ዝም ያሰኛል። ከዚያ በመዳፉ ብረቱን መታ መታ ያደርግና ጆሮውን ይለጥፋል። ከውስጥ የሆነ ነገር ኳ ካለ፣ ቀጭ ካለ፣ «አልተኛም!» ብሎ ያስከፍታል፤ ማን ይናገረዋል! ጸጥ ካለ ግን ቀና ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተኝቷል» ይላል። እሱ ተኝቷል ካላለ የጉምሩኩ ሰው ማሸጊያውን በሩ ላይ አይቆልፍም። ከዚያ ሽብልቁ ሕፃን ያስተኛች እናት ይመስል በእግሩ ጣቶች ከአካባቢው ዘወር ይላል።

እስቲ አሁን የዚህ ሰው ቤት ምን ይመስላችኋል? ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጥሮ ሻይ በቀረበ ቁጥር ይንገዳገዳል። መስኮቱ ትንሽ ነፋስ ካገኘ ያፏጫል። ትንሿ ክፍል ደግሞ ከተጋቡ ጀምሮ በር የላትም፤ ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ ሙሽራ ሳለች የሰፋችው ባለ አበባ መጋረጃ ነው የተንጠለጠለባት። «ለሰው ሴራሚክ እንደዚያ ስትጨነቅ ትውላለህ፤ ለእኔ ጠረጴዛ ቁራጭ ካርቶን ታጣለህ?» ትለዋለች። «ነገ» ይላል። ይህቺ «ነገ» የምትባል ቃል እዚያ ቤት ውስጥ እንደ ቤተሰብ ሆና ኖራለች።

ነገሩ የመጣው አማቱ ሲወድቁ ነው። እማማ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ማለዳ የቤታቸው ደረጃ ላይ አዳልጧቸው፣ ጎረቤት እስኪያገኛቸው ድረስ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ተጋድመው ቆዩ። ዳሌያቸው ዳነ፤ የልጃቸው ልብ ግን አልዳነም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሚስት መርፌውን ጣቷ ላይ ትሰካለች። «እማዬ፣ እኛ ጋ ነይ» ብላ ለመነች፣ አለቀሰች፣ አኮረፈች። እማማ በመጨረሻ ቁርጡን ነገሯት።

«የሰው ሳሎን ላይ እንደ ዕቃ አልቀመጥም። የምዘጋው በር ካለኝ እመጣለሁ። ከሌለኝ እዚሁ በሬን ዘግቼ እሞታለሁ።»

ሚስት ወደ ባሏ ዞረች። በዚያች ደቂቃ «ነገ» የምትል ቃል ከአፉ ብትወጣ ኖሮ ወዮለት! እሱም ዐይኗን አይቶ ገባው። ሮጦ አናጺ ዘንድ ሄደ።

አናጺው በሩን አሳምሮ ሠራው። ከባድ፣ ልስልስ፣ እማማ ሳያጎነብሱ የሚደርሱበት መቀርቀሪያ ያለው በር። ማታ የመጋዘኑ ፒክአፕ በሽብልቁ ሰፈር ስለሚያልፍ፣ በሩን ከቤት ይልቅ መጋዘን አምጥቶ ግድግዳ አስደግፎለት ሄደ። ሽብልቁ በብርድ ልብስ ጠቀለለው። በሄደ በመጣ ቁጥር ቆም ብሎ ዳበስ ያደርገው ነበር። ቤት ደግሞ ሚስት መጋረጃዋን አውርዳ፣ አጥባ፣ አጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከታለች። እማማ በማግሥቱ ይመጣሉ።

የዕለቱ ጭነት ሴራሚክና መታጠቢያ ገንዳ ነበር። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፣ የጉምሩኩ ሰው ሰዓቱን ያያል፣ መርከቡ ደግሞ ለማንም አይቆምም። ሊዘጋ ሲል ሽብልቁ ዐይኑ አንድ ቦታ ላይ ተተከለ። በመጨረሻው የካርቶን ድርድርና በኮንቴይነሩ ግድግዳ መሃል ክፍተት! ረጅም፣ ቀጭን፣ ክፉ ክፍተት። እንጨት ቢል እንጨት አልቋል።

ዕቃ የሚያነሳውን መኪና፣ ፎርክሊፍቱን፣ የምትነዳውን ሠራተኛ «ሩጪ፣ ከጓሮ እንጨት አምጪ!» አላት። እሷ ሄደች። እሱ ቆመ። ካርቶኖቹ አሁኑኑ የሚናዱ መሰለው። ዞር ሲል ብርድ ልብስ የለበሰውን በር አየ። «እንጨቱ እስኪመጣ ደግፎ ይያዝልኝ» አለና አንስቶ ወደ ክፍተቱ ገፋው።

ገባ። ወይ ጉድ፣ እንዴት አድርጎ ገባ! አንዲት ወረቀት እንኳ የምታልፍበት ቦታ አልተረፈም። ሽብልቁ በዚህ ሥራ ዕድሜውን ሲጨርስ እንደዚህ የገጠመ ነገር አይቶ አያውቅም። በሁለት እጁ ቢወዘውዘው ፍንክች አላለም። ደስታው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ። ፎርክሊፍት ነጂዋ እንጨቱን ይዛ እያለከለከች ስትመጣ እጁን አወናጨፈ፤ «ተይው፣ አያስፈልግም! ገጥሟል!»

በሩ ተዘጋ። መታ መታ አደረገ፣ ጆሮውን ለጠፈ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ! «ተኝቷል» አለ፤ ድምፁ በደስታ ተንቀጠቀጠ። ማሸጊያው ቀጭ አለ፣ መኪናው ሄደ፣ ሽብልቁም ምሳውን በሰላም በላ። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እያፏጨ ዋለ።

ማታ ፒክአፑ መጥቶ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ በሩን ሊያነሳ ወደ ግድግዳው ሄደ። ግድግዳው ብቻውን ቆሟል።

«ሌባ!» ብሎ ጮኸ። «በሬን! የእማማን በር!»

ፎርክሊፍት ነጂዋ ጓንቷን እያወለቀች መጣች። «የትኛው በር? ያ ብርድ ልብስ የለበሰው?»

«አዎ! ማን ወሰደው? አይተሻል?»

«አየሁ እንጂ። አንተው በእጅህ ከተትከው። እኔማ ለሕንፃው የሚላክ መስሎኝ።»

ሽብልቁ ያለውን ኃይል ሁሉ ሰብስቦ ወደብ ድረስ ሮጠ። ኮንቴይነሮቹ ተደራርበው ፎቅ አክለዋል። «ሰማያዊው ኮንቴይነር የታል?» ብሎ ዘበኛውን ጠየቀው። ዘበኛው ዞሮ አየ፤ ሁሉም ሰማያዊ ነው። «ጎበዝ፣ እንኳን አንተ ካፒቴኑም ቢመጣ የታሸገ አይከፈትም» ብሎ በትከሻው ይዞ ወደ በሩ መለሰው። የመጨረሻዎቹን ክሬኑ እያነሳ መርከብ ላይ ሲያስቀምጥ ሽብልቁ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አየ። ሰው የገዛ እጁ ሥራ ሲያስለቅሰው እንዲህ ነው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ የተነጠፈውን አልጋ አሳየችው። «በሩስ?»

«ነገ።»

ሚስት ከቁም ሣጥን መጋረጃዋን አውጥታ መልሳ ሰቀለችው። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

በማግሥቱ እማማ በከዘራቸው ደገፍ እያሉ ገቡ። ንብረታቸው በአንድ ትልቅ ቋጠሮ ተቋጥሯል፤ ሽብልቁ ሲቀበላቸው ሊፈታ ሳይሆን ሊመለስ የተቋጠረ መሆኑን በእጁ አወቀ። ቁጭ አሉ፣ ሻይ ቀረበላቸው፣ ጠረጴዛው ተንገዳገደ። አንዴ ፉት ብለው ወደ ትንሿ ክፍል አዩ።

«ይህ መጋረጃ ዛሬም አለ?» አሉ። «በሠርጋችሁ ቀን የተውኩትን መጋረጃ ነው የማየው? አማቼ፣ በሩ የታለ?»

ሽብልቁ መጋረጃውን አየ። አፉ ውስጥ የነበረው ብቸኛ እውነት ሾልኮ ወጣ። «መርከብ… መርከብ ላይ ነው፣ እማማ።»

እማማ ሻያቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው ቀስ እያለ ፈካ። «ከባሕር ማዶ አዘዝክልኝ?»

አያችሁ ሰውዬው እንዴት ገደል እንደገባ? አዎ አላለም። አይደለም ግን አላለም። አንገቱን እንደመነቅነቅ፣ እንደማሳከክም አደረገው።

«በስመ አብ!» አሉ እማማ። «እኔ እኮ ይሄን ሰው ሳማው ኖሬያለሁ! እንግዲያው እጠብቃለሁ። ቋጠሮዬን ግን በሩ ሳይገባ አልፈታም፤ ቃሌ ቃል ነው።»

ሚስት ባሏን ወደ ማድ ቤት ጎተተችው። ነገራት። «በእጅህ?» አለች። «በእጄ።» «ራስህ ገፍተህ?» «ገፍቼ። ብታዪው እንዴት እንደ ገጠመ…» ብሎ ሊያስረዳት ሲል በማንኪያ ትከሻውን አቀመሰችው። «ለእሷ የምትነግራት አንተ ነህ። እኔ አፌን ዘግቻለሁ። ሰምተኸኛል? እናቴ ተመልሳ ያቺ ደረጃ ላይ ብትወድቅ ግን አንተን ምን እንደማደርግህ እኔም አላውቅም።» ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሽብልቁ ሊነግራቸው ነበር። ስለ እውነት ሊነግራቸው ነበር። ግን ሁልጊዜ ማታ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «አማቼ፣ መርከባችን የት ደረሰ?» ይሉታል። እሱ ደግሞ ቀን ትራንዚተሩን፣ የመርከቡን ጉዳይ የሚከታተለውን ሰው፣ ጠይቆ ይመጣል። በሩ አንድ ቀን በራቀ ቁጥር እሱ አንድ ቀን ያቀርበዋል። ትራንዚተሩ «ጠባቡን ባሕር አልፎ ወጣ» ካለው፣ እሱ «ጠባቡን ባሕር አልፎ ገባ» ይላል። እማማ ስለ ባሕሩ ሲጠይቁት፣ ጭነት እንዴት እንደሚደረደር፣ ሲዘጋ እንዴት እንደሚመታው፣ ጸጥ ሲል «ተኝቷል» እንደሚል ያጫውታቸዋል። እማማ ይህቺን ነገር ወደዷት። «ታዲያ የእኔም በር ተኝቶ ነው የሚመጣው?» ይላሉ። «ተኝቶ ነው እማማ።» «እግዜር ነፋሱን ያብርድለት» ብለው እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ጸሎታቸው እንዴት ያለ ጸሎት እንደነበረ ኋላ ታወቀ፤ ከዚያ ሁሉ ሴራሚክ አንዱ እንኳ ሳይሰነጠቅ ደርሷል።

ጎረቤቱም ሰማ። «የእማማ በር በመርከብ እየመጣ ነው» ተባለ። አንዷ ቀለሙን ትጠይቃለች፣ አንዷ ለመክፈቻው ቀን ምን ልልበስ ትላለች። ሽብልቁ ከሲታ ሆነ። ቋጠሮው ደግሞ አልጋው ሥር እንደተቋጠረ ነው። እማማ ከጎኑ እጃቸውን ሰደው ነጠላ ያወጣሉ፣ መልሰው ይከታሉ፣ ጠበቅ ያደርጉታል። ሽብልቁ መንገድ የሚሄድ ጭነት ሲያይ ያውቃል። ያንን ቋጠሮ ባየ ቁጥር ደረጃው ይታየዋል፤ ያ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ።

መርከቡ ሲደርስ ትራንዚተሩ ዘንድ ሄዶ እግሩ ሥር ወደቀ ማለት ይቻላል። «አንድ ትርፍ በር አለ። በባዶ ኮንቴይነር ይመልሱልኝ፤ ንገራቸው፣ ወንድሜ።» ትራንዚተሩ ደወለ። አወራ። ሳቀ። እንደገና አወራ። ከዚያ ስልኩን ዘጋና አንገቱን አሸት አሸት አደረገ።

«ጭነቱ እንዳስተኛኸው ደርሷል። ስለ ስጦታውም በጣም እናመሰግናለን ብለውሃል።»

«የምን ስጦታ?»

«በሩ ነዋ። የሕንፃው ጥበቃ የሚያድርባት ክፍል በር አልነበራትም። ልክክ አለላት አሉ። ሰውዬው በደስታ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶታል። እንግዲህ ነቅላችሁ መልሱ ብዬ ልደውል?»

በር የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን በዚያ ሰሞን ከሽብልቁ በላይ ማን ያውቃል? «ተወው» አለ። «በሰላም ይዝጋበት።»

ቤት ሲገባ ጫማውን አላወለቀም። እማማ ገና «መርከባችን—» ሲሉ፣ «እማማ፣ መርከቡ ሄደ እንጂ አልመጣም» አለ። ከዚያ ከክፍተቱ ጀምሮ እስከ አረንጓዴው ቀለም ድረስ አንድ ሳያስቀር ተናዘዘ። ሚስት የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች።

እማማ ከዘራቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «በሩስ ምንም አይደል» አሉ በመጨረሻ። «ዕቃ ነው። ግን በየማታው መጣልዎት፣ ደረሰልዎት እያልክ አሻግረህ ስታሳየኝ… እኔ እኮ ለጎረቤት ተናገርኩ። በእርጅናዬ መጫወቻ አደረግከኝ። ነገ ቋጠሮዬን ታወጣልኛለህ፣ ቤቴ እሄዳለሁ።»

ሚስት «እማዬ!» አለች። ሽብልቁ ከዘራቸው አጠገብ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ።

«እማማ፣ አይሂዱብኝ» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይርገሙኝ፣ በከዘራዎም ይምቱኝ። እርስዎ ከሄዱ ግን እዚህ ቤት የሚቀረውን ክፍተት እኔ የምደፍንበት እንጨት የለኝም። መቼም እንቅልፍ አይወስደኝም።»

እማማ ጎንበስ ብለው አዩት። «እኔን ደግሞ ሽብልቅ ልታደርገኝ ነው?»

ሚስት መሳቋ ይሁን ማልቀሷ አልታወቀም፤ ብቻ ፊቷን በምትሰፋው ልብስ ሸፈነች። የእማማም ከንፈር ጠርዝ ላይ ትንሽ ፈገግታ መጣ፣ ግን ያዙት። «እስከ ነገ ማታ» አሉ። «በር ካለ አለ። ከሌለ መንገዴን አውቃለሁ።»

በማግሥቱ ሽብልቁ ኮንቴይነር አልጫነም። መጋዘኑ ጓሮ የተጣሉትን የሳጥን ሳንቃዎች ሲመርጥ፣ ሲልግ፣ ሲቆርጥ ዋለ። ፎርክሊፍት ነጂዋ ሚስማር አቀበለችው፤ «ይህንንም ክፍተት ውስጥ እንዳትከተው» እያለች። አመሻሽ ላይ ተሸክሞ ገባ። ማጠፊያውን ራሱ መታ፣ መቀርቀሪያውን በእማማ እጅ ልክ ገጠመ፣ ከሥር ቢያይ፣ ከላይ ቢያይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ የለም። እግረ መንገዱን የጠረጴዛውንም እግር በቁራጭ እንጨት ደገፈው፤ የመስኮቱንም ፉጨት አፉን አስያዘው። ሚስት አፏን ይዛ ቆማ ታየዋለች።

እማማ በሩን ዞረው መረመሩት። ሳንቃዎቹ ላይ የጭነት ምልክቶች እንደታተሙ ናቸው፤ ወደ ላይ የሚያሳዩ ቀስቶች፣ ጃንጥላ፣ ልክ ዐይን ፊት ደግሞ አንድ ብርጭቆ።

«ይህ ብርጭቆ ምንድነው?»

«ተሰባሪ ነው፣ በጥንቃቄ ይያዝ ማለት ነው፣ እማማ።»

«ማነው ተሰባሪ?» ብለው ከዘራቸውን አነሱ። ግን ዝቅ አደረጉት። ገቡና በሩን ዘጉት። መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማ።

ሽብልቁ ሳያስበው መዳፉ ተዘረጋ። መታ መታ አደረገ፣ ጆሮውን ለጠፈ። ጸጥ።

ዕድሜውን ሙሉ ይህንን ጸጥታ ሲለምን የኖረ ሰው፣ አሁን ፈራው። እንደገና መታ። ጸጥ። ምን አድርጌ ነው ያንን መቀርቀሪያ የገጠምኩት? ወድቀው ቢሆንስ? ሚስት ከኋላው መጥታ ክንዱን ያዘች። በሁለት መዳፉ ደበደበ። «እማማ! እማማ!»

«ኧረ ምን ሆንክ!» አሉ ከውስጥ። «ተኝቻለሁ! ቋጠሮዬን እንኳ በሰላም አታስፈታኝም?»

ሚስት ግንባሯን ጀርባው ላይ ደፋች፤ ስትስቅ ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። ሽብልቁ መዳፉን ብርጭቆው ላይ እንዳደረገ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ተኝተዋል» አላት።